የብዙዎች እፍኝ፦ ለክህነት የሚዘጋጅን ተማሪ መደገፍና የነጻነቱ ጥያቄ

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው የተገለበጠ። የውጭ ሀገር ታሪክ ዓመታት «እ.ኤ.አ.» በሚል ምልክት ተለይተዋል።)



የዛሬው ንግግሬ መነሻ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። የትምህርት ታሪክ ኮርስ ከሚከታተሉኝ ወጣቶች መካከል አንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የዘርዐ ክህነት ተማሪ ነበረ። ዘርዐ ክህነት የሚባለው ለቅስና የሚታጩ ወጣቶች በአንድነት እየኖሩ የሚማሩበትና የሚታነጹበት ቤት ነው። ይህ ወጣት አንድ ቀን ከክፍል በኋላ ወደ ቢሮዬ መጣና በሩን ዘግቶ፣ «ዶክተር፣ ለክህነት እንዳልተጠራሁ እየተሰማኝ ነው፤ መውጣት ግን አልችልም» አለኝ።

ለምን እንደማይችል ስጠይቀው በጣቱ እየቆጠረ ዘረዘረልኝ። አባቱ እሱን ለመላክ በሬ ሸጠዋል። የቁምስናው ምእመናን ለመንገዱና ለልብሱ አዋጥተዋል። በውጭ ሀገር የሚኖር አንድ ቤተሰብ በየዓመቱ ገንዘብ ይልክለታል፤ ፎቶግራፉን በሳሎናቸው ግድግዳ ላይ እንደ ሰቀሉትም ጽፈውለታል። «ብወጣ የእነዚህን ሁሉ ዕዳ በምን እከፍለዋለሁ?» አለኝ።

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። ምክንያቱም እኔም በዐሥራ አራት ዓመቴ፣ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር፣ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። መልሱን የሰጡኝ አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ የመንዝ እናት ናቸው። የዛሬው ሐሳቤ በእሳቸው መልስና በዚህ ወጣት ጥያቄ መካከል የሚመላለስ ነው።

ለማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከመጀመሪያው ልናገረው። ለክህነት የሚዘጋጅን ሰው መደገፍ ማለት እስከ መጨረሻው እንዲጸና ብቻ ሳይሆን «አዎን»ም ሆነ «አይደለም» በነጻነት ማለት እንዲችል ማድረግ ነው። ድጋፉ ዕዳ ሆኖ ከተሰማው፣ ጥሪውን እንዲመረምርበት የተሰጠው ጊዜ የብድር መክፈያ ዘመን ይሆንበታል። በዚያ መንገድ የሚገኘው ካህን ደግሞ የተገዛ እንጂ የተጠራ አይደለም።

እኔ ያደግሁት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ነው። ስለ ካቶሊክ ዘርዐ ክህነት የምናገረውም እንደ ነገረ መለኮት ሊቅ ሳይሆን እንደ ትምህርት ታሪክ መምህር ነው።

ከጓሳ ሥር የነበረው ትምህርት ቤት

መንዝን ለማታውቁ በጥቂቱ ላስረዳ። ከይፋት ቆላ በላይ ባለው የምሥራቁ ገደል ጫፍ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የሣር ምድር አለ። ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ጠንካራ ሣር ከጓሳ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በቀይ ቀበሮውና በጭላዳው ነው፤ ለእኛ ለአካባቢው ልጆች ግን ጓሳ ከሁሉ አስቀድሞ የቤት ክዳንና ገመድ ነበር።

እኔ ለትምህርት የሄድኩበት ደብር ከቤታችን የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል። የቆሎ ተማሪ በገዛ ደብሩ፣ በእናቱ ጓዳ አጠገብ ሆኖ አይማርም፤ ልቡ እንዳይከፈል ራቅ ብሎ ይሄዳል። ከፊደልና ከዳዊት በኋላ ዜማ፣ ቅዳሴ፣ ቅኔ፣ አቋቋም፣ መጻሕፍት እያለ በየሙያው ወደ ታወቀው ጉባኤ ይሻገራል፤ ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ዋድላ። ሙሉውን ጉዞ የሚፈጽም ሰው ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። እኔ ጾመ ድጓ ላይ ቀርቻለሁ።

ይህን ረጅም ትምህርት ማን ይደግፈው ነበር? መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ሕዝቡ። አደረጃጀቱን ስንመረምረው ግን የታሰበበት ሥርዓት ሆኖ እናገኘዋለን። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ በትሩን ይዞ ከትምህርት በተረፈው ሰዓት ወደ መንደር ይወጣል። በየደጃፉ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የቤቲቱ እመቤት ያላትን ትሰጣለች፤ እፍኝ የገብስ ቆሎ፣ ቁራሽ ዳቦ፣ ከሌላትም «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ቃል። ተማሪው የለመነውን አድርቆ ኮቸሮ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ከታመመ ወይም ገና ሕፃን ከሆነ ጓደኛው ጋርም ይካፈላል። የምናድርባት ጎጆ በጓሳ የተከደነች ነበረች። ሣሩን ያጨዱት፣ በአህያ የጫኑትና የከደኑት የደብሩ ሰዎች ናቸው፤ እኛ የከፈልነው ነገር አልነበረም። መምህራችንን የኔታን የሚያኖራቸው ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑና ምእመኑ ነበር፤ ከተማሪ ክፍያ አይጠየቅም።

በዚህ አደረጃጀት ውስጥ ሦስት ነገሮችን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ሰጪ ስጦታ ትንሽ ነው፤ እፍኝ ቆሎ የሰጠ ሰው «ይህን ልጅ እኔ አስተማርኩት» ሊል አይችልም። ሁለተኛ፣ ሰጪዎቹ ብዙ ናቸው፤ አንዱ ቢያጣ ሌላው ይሰጣል። ሦስተኛ፣ ስጦታው ለተማሪው በግሉ የተሰጠ አይደለም። «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት «ስለ ማርያም ስም» ማለት ነው። ተቀባዩም ሰጪዋም ስጦታውን ሌላ ቦታ ላይ አኑረውታል፤ በሁለቱ መካከል የሚመዘገብ ሒሳብ የለም።

ይህ ሦስተኛው ነገር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ለመውጣት በወሰንኩ ጊዜ ነው። በዐሥራ አራት ዓመቴ ልቤ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት አዘነበለ። የኔታን እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ፤ ከእሳቸው ይልቅ ግን ያስጨነቁኝ ከደብሩ በታች የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። አምስት ዓመት ሙሉ፣ እሳቸው ራሳቸው በሚቸገሩበት ክረምት ሳይቀር፣ ከደጃፋቸው ባዶ እጄን ተመልሼ አላውቅም። ሄጄ፣ «እማማ፣ ትምህርቱን ልተው ነው፤ ያበሉኝን ሁሉ አባከንኩት» አልኳቸው። ኩበት እያቀጣጠሉ ነበር። ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «እኔ ያበላሁህ ለእመቤታችን ብዬ ነው። እሷ ተቀብላኛለች። አንተ ምን ዕዳ አለብህና ነው?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ይልቅስ መንገድ ላይ ይርብሃል» ብለው ትኩስ ቂጣ ሰጡኝ።

ያቺ ቂጣ ከሰጡኝ ሁሉ ትልቋ ናት፤ የተሰጠችኝ ለመውጫዬ ነውና።

የሥርዓቱ ጉድለት

ይሁን እንጂ ያለፈውን በማሞገስ ብቻ ብወሰን ታሪክን አጣመምሁ ማለት ነው። ከቀኝ እግሬ ባት ላይ ዛሬም የሚታይ የውሻ ንክሻ ጠባሳ አለ። ቁስሉ አመርቅዞ ለሳምንታት ስተኛ የሚያክመኝ አልነበረም፤ የአካባቢው ሰው በሚያውቀው ቅጠል ታሽቶ እግዚአብሔር አዳነኝ። ከእኛ ጎጆ አጠገብ የነበረ፣ በዜማ ከሁላችን የሚበልጥ ልጅ ግን በአንድ ክረምት በተስቦ ሞተ። በጠባብ ጎጆ ተጨናንቀን፣ በአንድ ደበሎ ሁለት ሆነን፣ ከቅማል ጋር የምንኖር ነበርን። ቤተሰቦቹ የሰሙት ከተቀበረ በኋላ ነው።

ማን ነው ተጠያቂው? ማንም። የብዙዎች እፍኝ ሆድን ይሞላል፤ ታማሚን ወደ ሐኪም የሚወስድ ግን አንድ ሰው መሆን አለበት። ድጋፉ የሁሉም በመሆኑ የተማሪውን ነጻነት ጠበቀ፤ ኀላፊው ያልታወቀ በመሆኑ ደግሞ የተማሪውን ሕይወት ለአደጋ አጋለጠ። ይህ ሁለት ፊት ያለው እውነት ነው፤ አንዱን ይዘን ሌላውን መጣል አንችልም።

የሚደንቀው ነገር፣ ለዚህ ጉድለት መፍትሔ የሚሆን አርአያ ከራሳችን በላይ ባለው ተራራ ላይ መኖሩ ነው። የጓሳ ሣር የማንም የግል ንብረት አልነበረም። በትውፊት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች በጋራ የሚጠቀሙበት፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት የሚተዳደር ነበር። የጋራ ነው ማለት ግን ጠባቂ የለውም ማለት አልነበረም። በተጠቃሚው ሕዝብ የተመረጠ አባ ቄራ የሚባል ኀላፊ ነበረው። ሣሩ እንዲያገግም ምድሩ ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንዴ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ ይዘጋል፤ በበጋ ተከፍቶ ከታጨደ በኋላም ዝናቡ ሲገባ፣ በሐዋርያት ጾም ፍቺ፣ በሐምሌ 5 የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ተመልሶ ይዘጋ ነበር። የመዝጊያው ቃል ክብር ያገኝ የነበረው ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ነው።

ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ በኋላ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ኀላፊነቱ ግልጽ ሳይሆን በቆየበት ዘመን ሣሩ ተጎዳ። ኋላ የአካባቢው ኅብረተሰብ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመ። ያው ዐዋጅ የቤተ ክርስቲያንንም መሬት ስለ ወሰደ መምህራን የሚኖሩበት ምንጭ ደረቀ፤ የቆሎ ተማሪውም ሸክም ሙሉ በሙሉ በድኻው ገበሬ ጓዳ ላይ ወደቀ። እኔ የተማርኩት በዚያ ዘመን ነው። ከሁለቱ የምንማረው ትምህርት አንድ ነው፤ የብዙዎች የሆነ ነገር እንዲኖር ብዙዎቹ የሚያምኑት አንድ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ወደ ዘርዐ ክህነት ታሪክ

አሁን ወደ ተማሪዬ ቤት ልሻገር። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የዘርዐ ክህነት ሥርዓት የተደነገገው በትሬንት ጉባኤ፣ በ1563 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ካህናት በየካቴድራሉ፣ በየገዳሙ፣ በየዩኒቨርሲቲው፣ ብዙዎቹም አንድን ካህን በማገልገል ብቻ ይማሩ ነበር። ድንጋጌው እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት ዕድሜያቸው ከዐሥራ ሁለት ዓመት ያላነሱ ልጆችን የሚቀበል ቤት እንዲያቋቁም አዘዘ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ስለ ወጪው የተናገረው ነው፤ የድኾች ልጆች ቅድሚያ ያገኛሉ፤ የባለጸጎች ልጆች አይከለከሉም፤ በራሳቸው ወጪ ግን ይማራሉ። የቤቱ ወጪ የሚሸፈነው ከሀገረ ስብከቱ ልዩ ልዩ የቤተ ክርስቲያን ገቢዎች በሚቀነስ ድርሻ ነው። እንግዲህ ድንጋጌው ሁለቱን ነገር በአንድነት ያዘ፤ ከብዙ ምንጭ የሚመጣ ገንዘብና አንድ ተጠያቂ ጳጳስ።

ይህ አሠራር ወደ ሀገራችን ሲመጣ ባዶ መሬት ላይ አላረፈም። ቅዱስ ዩስቲኖስ ዴ ያቆቢስ አድዋ የደረሱት በ1839 እ.ኤ.አ. ነው። በዓዲግራት አቅራቢያ በጓላ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ የሮምን ሥርዓት ገልብጠው ለመትከል አልሞከሩም፤ ግእዝንና የኢትዮጵያን ሥርዓተ አምልኮ ጠበቁ። ከቅርብ ረዳቶቻቸው አንዱ በጎጃም መርጡለ ማርያም አካባቢ በ1791 እ.ኤ.አ. ገደማ የተወለዱት መነኩሴው ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ግብፅ ከሄደው የጳጳስ ጠያቂ መልእክት ጋር ተጉዘው እስከ ሮም ደርሰዋል፤ በ1844 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኑ፤ በጓላ አስተማሩ፤ በ1851 እ.ኤ.አ. ቅስና ተቀበሉ፤ በ1855 እ.ኤ.አ. በእስር ላይ ሳሉ አረፉ። በ1926 እ.ኤ.አ. ብፅዕናቸው ታወጀ፤ መምህራቸው ዴ ያቆቢስም በ1975 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ተባሉ።

ይህን ስታስቡ አንድ ነገር አስተውሉ። አባ ገብረ ሚካኤል ጓላ የደረሱት ሊቅ ሆነው ነው። ያን ሊቅነት ያገኙት ጎጃምና ጎንደር ውስጥ፣ በቆሎ ተማሪ መንገድ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው የካቶሊክ ዘርዐ ክህነት የቆመበት እውቀት የተከፈለው፣ ስማቸው በየትም ባልተመዘገበ የጎጃምና የጎንደር ገበሬዎች ጓዳ ነው። እነዚያ እናቶች እፍኝ ቆሎ ሲሰጡ ልጁ ወዴት እንደሚሄድ አላወቁም፤ ብዙዎቹ ቢያውቁም ባልተስማሙ ነበር። ስጦታቸው ግን ሰውየው እውነት መስሎ ወደ ታየው ነገር እንዲሄድ ነጻ አድርጎ ተወው። ዛሬ በጎራ ተከፋፍለን የምንወቃቀስበትን ጉዳይ ለጊዜው ወደ ጎን ብንተው፣ ይህ ለሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት የጋራ ክብር ይመስለኛል።

ከሀገር ውጭም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። በሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤት አለ። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ያርፉበት ነበር። በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ የ1513ቱ እ.ኤ.አ. መዝሙረ ዳዊት፣ ከዚህ ቤት መነኮሳት እርዳታ አግኝቶ የወጣ ነው። የሸዋው ደብረ ሊባኖስ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮንም የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ለእንግዳ የተሰጠ ምግብና አልጋ ማንም ያላዘዘውን ፍሬ አፈራ። ይህ ቤት በ1919 እ.ኤ.አ. ለክህነት የሚዘጋጁ ኢትዮጵያውያን ኮሌጅ ሆነ።

ተማሪዬን ያስጨነቀው የውጭ ሀገር ድጋፍም የራሱ ታሪክ አለው። በ1889 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ፣ ስቴፋኒ ቢጋርና ልጇ ዣን የተባሉ ሁለት ሴቶች ከጃፓን፣ ከናጋሳኪው ጳጳስ፣ ደብዳቤ ደረሳቸው። ጳጳሱ በገንዘብ እጦት ምክንያት ለክህነት የሚመጡ ወጣቶችን ለመመለስ መገደዳቸውን ጽፈው ነበር። እናትና ልጅ የነበራቸውን ሰጥተው፣ ከሌሎችም ለምነው፣ ዛሬ የቅዱስ ጴጥሮስ ሐዋርያ ማኅበር የሚባለውን ሥራ ጀመሩ፤ በ1922 እ.ኤ.አ. ጳጳሳዊ ማኅበር ሆነ። ዛሬ ከልዩ ልዩ አገሮች የሚሰበሰበው መዋጮ በአንድ የጋራ ቋት ገብቶ ለየዘርዐ ክህነቱ ይከፋፈላል። ይህ አሠራር ከእፍኝ ቆሎው ጋር የሚመሳሰል ጥበብ አለው፤ ሰጪው የሚሰጠው ለቤቱ እንጂ ለአንድ ልጅ ባለቤት ለመሆን አይደለም።

ነጻነትን የሚጠብቅ ድጋፍ

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የ1983ቱ እ.ኤ.አ. የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖናም ሆነ የ1990ው እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ማንንም ሰው በማናቸውም መንገድና በማናቸውም ምክንያት ማዕርገ ክህነት እንዲቀበል ማስገደድን ይከለክላሉ። በ1965 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ካህናት ሕነጻ ባወጣው ሰነድ ጥሪን የማሳደግ ግዴታ የመላው ክርስቲያናዊ ማኅበረሰብ እንደሆነ አስተምሯል። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሐዋርያዊ ምክርም ሕነጻውን በአራት ገጽታ ከፍሎታል፤ ሰብአዊ፣ መንፈሳዊ፣ አእምሯዊና ሐዋርያዊ። ከአራቱ ሰብአዊውን መሠረት ያደርገዋል። በነጻነት መወሰን የማይችል ሰው ግን ሰብአዊ ሕነጻው አልተጀመረም ማለት ይቻላል።

ችግሩ ያለው በሕጉ አይደለም፤ በልማዳችን ነው። ማንም ተማሪዬን በቃል አላስገደደውም። ያስገደደው የተሸጠው በሬ፣ የተሰቀለው ፎቶግራፍ፣ ለዕረፍት ወደ መንደሩ ሲመለስ «አባ መቼ ነው የምትቀድስልን?» የሚለው የጎረቤት ደስታ ነው። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ለዚህም ነው እምቢ ለማለት የሚከብደው። ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ብቻ ቢያንስ ስድስት ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ነው፤ ዓመቱ በጨመረ ቁጥር የሚሰማው ዕዳም ይጨምራል።

ስለዚህ ለደጋፊዎች፣ ለቤተሰብም ለቁምስናም ለውጭ ሀገር ወዳጆችም፣ ከሁለቱ ታሪኮች የተማርኩትን በጥቂት ነጥቦች ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስጦታው ከአንድ እጅ ከሚበዛ ከብዙ እጅ ቢያንስ ይሻላል። አንድ ቤተሰብ የአንድን ተማሪ ሙሉ ወጪ ከሚችል፣ ሃያ ቤተሰብ ለቤቱ በጋራ ቢሰጡ ለተማሪው ሸክሙ ይቀላል። ምንም የሌለው የገጠር ቁምስና እንኳ በመከር ወራት አንድ ቁና ጤፍ ወይም ገብስ ለዘርዐ ክህነቱ ቢልክ፣ ካህኑን የሚጠብቀው ከውጭ ሀገር ሳይሆን ከራሱ ማሳ መሆኑን ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የጋራ ይሁን፤ ጥበቃው ግን ስም ያለው ሰው ይኑረው። የተማሪው ጤና፣ እንቅልፍ፣ ጭንቀት የሚጠየቅበት አንድ ሰው ይታወቅ። በተስቦ የሞተው ጓደኛችን ያጣው ቁራሽ እንጀራ አልነበረም፤ «ይህ ልጅ ለምን አልተነሣም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ጊዜው ይከበር። ጓሳ የሚያድገው ሲዘጋ ነው። በየሳምንቱ እየገባ ሣሩ ምን ያህል እንዳደገ የሚለካ ሰው ራሱ ይረግጠዋል። ተማሪውን መጠየቅ መልካም ነው፤ የሹመቱን ቀን መጠየቅ ግን ለጊዜው ይቆይ።

አራተኛ፣ የመውጫው መንገድ ከመግቢያው ጋር አብሮ ይታሰብ። የተማረው ትምህርት በሌላ ተቋም ዋጋ የሚያገኝ፣ የሚወጣበት ቀን የመሳፈሪያ ገንዘብና የሚቀበለው ቤት ያለው መሆን አለበት። ከዘርዐ ክህነት ወጥቶ መምህር፣ ሐኪም፣ መልካም አባት የሆነ ሰው የባከነ ወጪ አይደለም። በቆሎ ትምህርት ቤታችን ቅስና ያልተቀበለው ሁሉ ጸሐፊ፣ ደብተራ፣ የመንደር ሽማግሌ ይሆን ነበር፤ እንደ ከሸፈ የሚቆጥረው አልነበረም።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። «መውጫውን ካቀለልን ሁሉም አይወጣም ወይ? ድኻ የሰጠው ገንዘብ መቀለጃ አይሆንም ወይ?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘብ ስላለ ብቻ የሚገባ ይኖራል። መልሱ ግን በመግቢያው ላይ በጥንቃቄ መመርመር እንጂ በመውጫው ላይ በር መቆለፍ አይደለም። በር ተቆልፎበት የቀረ ሰው ከተሾመ በኋላ የሚያስከፍለው ዋጋ ከዘርዐ ክህነት ወጪ እጅግ ይበልጣል፤ የሚከፍሉትም ለጋሾቹ ሳይሆኑ የሚያገለግላቸው ምእመናን ናቸው።

መደምደሚያ

ወደዚያ ወጣት ልመለስ። በሁለተኛው ቀን ጠርቼ የመንዟን እናት ታሪክ ነገርኩት። «ልጄ፣ አባትህንም ያን ቤተሰብም ራሳቸውን ጠይቃቸው፤ ዕዳውን አንተ ብቻህን ነው የጻፍከው» አልኩት። ለሁለቱም ደብዳቤ ጻፈ። ከውጭ የመጣው መልስ፣ ፎቶግራፉ በግድግዳው ላይ እንደሚቆይ፣ ካህን ቢሆንም ባይሆንም የሚወዱት ልጅ እንደሆነ የሚገልጽ ነበር። አባቱ ደግሞ በስልክ፣ «በሬ በሬ ነው፤ አንተ ልጄ ነህ» አሉት።

በመጨረሻ የትኛውን መንገድ እንደ መረጠ አልነግራችሁም፤ የእሱ ጉዳይ ነው። የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ የመረጠው በነጻነት መሆኑን ነው። ከእናንተ መካከል ልጅ የሚያስተምር፣ ለተማሪ የሚያዋጣ፣ የሚወደውን ሰው ወደ አንድ ጥሪ የሸኘ ብዙ ሰው አለ። ዛሬ ማታ ስልክ ደውላችሁ «ምንም ዕዳ የለብህም» ብትሉት፣ ከሰጣችሁት ሁሉ የሚበልጠውን ሰጣችሁት ማለት ነው።